ለቅሶ የተከለከለበት ክፍል

«ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ ሲስተር ውባለም።

ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ነጭ ልብሴ ገና ከልብስ ሰፊው መምጣቱ ነው። ጫማዬም አዲስ ነበር፤ ለሥራሽ ብላ እናቴ ፒያሳ ወስዳ የገዛችልኝ፣ ሲረግጡት ቋ ቋ የሚል።

«ምነው ሲስተር? አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም። እዚህ ክፍል የሚያንኳኳ ነገር አይገባም። በካልሲ ነው የምንሠራው።»

በረዳት ነርስነት ተመርቄ ተወልጄ ባደግሁባት ጎንደር መመደቤን እንደ ትልቅ ዕድል ቆጥሬው ነበር። ማዋለጃ ክፍል እገባለሁ ብዬ አስቤያለሁ። የነርሶቹ አለቃ ሜትረኗ ግን ወረቀቴን አየችና «ለጨለማ ክፍል ሰው ጎድሎናል» ብላ ወደ ሲስተር ውባለም ላከችኝ። ሲስተር ውባለም የክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ድምፅዋን ለመስማት ጠጋ የሚሏት ሴት ነች። በዚያ ክፍል ብዙ ከመሥራቷ የተነሣ እንደዚያ ሆና ቀርታለች። ገበያ ላይም ስታገኛት በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

ጨለማ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለች ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ነበረች። መስኮቶቿ በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። የበሩ ማጠፊያ በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል። የሚተኙባት የመንጋጋ ቆልፍ፣ ሐኪሞቹ ቴታነስ የሚሉት በሽታ የያዛቸው ሰዎች ናቸው።

በሽታውን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በቁስል የሚገባ መርዝ ነው። መጀመሪያ መንጋጋ ይቆልፋል፤ ቀጥሎ አንገት፣ ጀርባና ሆድ እንደ እንጨት ይደርቃሉ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ኮሽታ፣ ድንገተኛ ብርሃን፣ ሳይዘጋጅ የሚነካው እጅ፣ ሁሉም ሕመምተኛውን ይገትረዋል። ሲገተር ጀርባው እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ ማጅራቱና ተረከዙ ብቻ አልጋውን ይነካሉ። ግትርታው ደረቱን ከያዘው ትንፋሽ ይቆማል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ደግሞ ልብ አለማሳቱ ነው። ሰውየው ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል፤ መናገር ብቻ አይችልም።

ሲስተር ውባለም ሥራውን አንድ በአንድ አሳየችኝ። ግትርታውን የሚያላላው ቫልየም እንዴት ቀስ ብሎ በደም ሥር እንደሚሰጥ፤ በአፍንጫ በገባው ቱቦ ወተትና እንቁላል እንዴት እንደሚፈስ፤ በእግር የሚረገጠው የአክታ መሳቢያ ድምፁ እንዲታፈን እንዴት በፎጣ እንደሚጠቀለል። ሕመምተኛውን ከመንካቴ በፊት «አሁን እጅህን ልይዘው ነው» ብዬ በጆሮው መንገር ነበረብኝ። መድኃኒቱንም ሆነ ቱቦውን ቶሎ ለመድሁት። የከበደኝ ሌላ ነበር። አስታማሚ ወደ ክፍሉ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ የምናገረው ነገር አለ፤ ቃሉን ያስጠናችኝ እሷ ነች።

«እዚህ ውስጥ ለቅሶ የለም። ወዮ ማለት የለም። አንዲት ጩኸት ልትገድለው ትችላለች።»

ሞላ የመጣው እኔ ሥራውን ከለመድሁ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር ነው። ከኮሶዬ በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ እስከ አውራ ጎዳናው በቃሬዛ ተሸክመው፣ ከዚያ የድንች ጭነት መኪና ላይ አሳፍረው አመጡት። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ይሆናል። ተሸካሚዎቹ ከግቢው በር ተመለሱ። ሚስቱ እንጉዳይና ታላቅ ወንድሙ አያ ደሴ ቀሩ።

እንጉዳይ አጠር ያለች፣ ዓይኖቿ ትልልቅ ሴት ነች። ስታየኝ ቀድማ የጠየቀችኝ ስለ መዳን አልነበረም።

«ይስቅብኛል» አለች።

«ማን?»

«ሞላ። ከትላንት ጀምሮ። እኔ ሳለቅስ እሱ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ጠበል ወሰድነው፤ ውኃው ሲነካው ዘሎ ተገተረ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የያዘው ጋኔን ነው አለ።»

መንጋጋ ቆልፍ ፊትን ይሸመቅቃል። ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል፣ ጥርስ ይገለጣል፣ ቅንድብ ወደ ላይ ይሄዳል። ሳቅ ይመስላል። ሕመምተኛው ግን በዚያ ሰዓት በስቃይ ውስጥ ነው።

«አይስቅም» አልኳት። «ጡንቻው ነው የተሸመቀቀው። ውኃውም ቢሆን ድንገት ስለነካው ነው። ጋኔን የለበትም። ያውቅሻል፤ የምትናገሪውን ሁሉ ይሰማል።»

ይህን ስነግራት ቀለል ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ጠቆረ።

«እንግዲያስ ስቃዩንም ያውቀዋል ማለት ነው» አለች።

በሩ ላይ ቆሜ የተለመደውን ነገርኳት። የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ አፏ ውስጥ ጨመረችና ነክሳ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ነጠላዋን ሳትነክስ አይቻት አላውቅም።

በሁለተኛው አልጋ ላይ አያ ይመር የሚባሉ የማክሰኝት ከብት ነጋዴ ተኝተው ነበር። በሬ ጭናቸውን ወግቷቸው ነው የታመሙት። ግትርታው እየራቀላቸው ቢሆንም አፋቸው ገና አልተፈታም።

ዶክተሩ ሞላን መርምሮ ኮሪደር ወጣ። ወጣት ነበር፤ አስታማሚ ፊት ለፊት ለማየት ይጨነቃል። «መርዙን የሚያከሽፈውን መርፌ ሰጥተነዋል» አለ። «ነገር ግን ቀድሞ ሰውነቱን የያዘውን አያስለቅቅም። ዘግይቷል።»

አያ ደሴ «ዘግይቷል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግድግዳውን ተደገፉ።

ነገሩን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበሩ። ከወረዳ ካድሬ መጥቶ እርከኑ ከክረምት በፊት እንዲያልቅ፣ የቀረ ገበሬ ስሙ እንዲላክለት አዟል። ሞላ ሲቆፍር ዶማው አምልጦት የገዛ እግሩን መታው። በማግሥቱ እያነከሰ ወንድሙ ቤት ሄዶ «ዛሬ ልረፍ» አለ።

«አይሆንም አልሁት» አሉኝ። «የሊቀ መንበሩ ወንድም ቀረ ብለው እሱን ያስሩታል፤ እኔንም ያወርዱኛል። በጨርቅ አስረህ ሂድ አልሁት። ጭቃ ለጭቃ ሲረግጥ ሰነበተ። እንጉዳይ ያን ቀን ደጄ ቆማ ለምናኛለች።»

እንጉዳይ በዚህ ምክንያት አታናግራቸውም። ከአንድ ገበታ አትበላም። እሳቸው በአልጋው በቀኝ፣ እሷ በግራ ተቀምጠው ይውላሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአያ ይመርን ቱቦ እያጠብኩ ሳለ ከጀርባዬ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማሁ። እንጉዳይ ነጠላዋን ከአፏ አውጥታ በሞላ ላይ አጎንብሳ ወደ አያ ደሴ ታወራለች። ክፉ ነገር በሹክሹክታ ሲወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«አያ ደሴ፣ አንቱ ነዎት የገደሉት። ለወንበርዎ ብለው።»

«ዝም በይ። ይሰማል።»

«ይስማ። ማን እንደገደለው አውቆ ይሙት።»

«እንጉዳይ፣ በማርያም።»

«ማርያምን አይጥሩብኝ።»

ድምፃቸው ከወረቀት ኮሽታ አይበልጥም ነበር። ሞላ ግን ተገተረ። አልጋው እስኪንቋቋ ጀርባው ተነሣ፤ ፊቱ ያው ሳቅ የሚመስለው ነው፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ሲስተር ውባለም ሮጣ መጥታ መድኃኒት ሰጠችው። እኔ ሁለቱን እያስወጣሁ ሳለ እንጉዳይ ዞር ብላ አየችው። እሷ የተናገረችው እንደገተረው ገብቷታል። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተንቀጠቀጠች። ድምፅ አልወጣትም።

ከዚያ በኋላ ሞላን በዓይኑ እንዲመልስ አስለመድኩት። አዎ ለማለት ዓይኑን ጭፍን አድርጎ ይገልጣል። «ውኃ ጠማህ?» ጭፍን። «ብርድ ልብሱ ከበደህ?» ጭፍን። እንጉዳይ ይህን ስታይ የልጆቹን ነገር በጆሮው ትነግረው ጀመር። ልጆቹ እናቷ ዘንድ ደህና መሆናቸውን፣ ጊደሯ መውለዷን። እሱም በየመሐሉ ዓይኑን ይጨፍናል።

አያ ደሴም ይህን አዩ። እንጉዳይ ውጭ በወጣችበት ሰዓት ጠጋ ብለው «ሞላ፣ ወንድሜ፣ ይቅር ትለኛለህ?» አሉት።

ሞላ ዓይኑን ጨፈነ። አልገለጠውም። መድኃኒቱን ከሰጠሁት ጥቂት ጊዜ ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደው።

አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ ማለቱ ነው?»

«አላውቅም፣ አያ ደሴ። መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው። እንዴት አታውቂም?»

ሲነቃ ጠይቁት አልኳቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ግን አልደፈሩም። በየቀኑ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አፋቸውን ይከፍቱና መልሰው ይዘጋሉ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ለሜይ ዴይ ሰልፍ ይዘጋጅ ነበር። ሰልፈኛው ከነማርሽ ባንዱ በእኛ አጥር ሥር እንደሚያልፍ ሰማን። ሲስተር ውባለም ጫማዋን አድርጋ ሰልፉን ወደሚያስተባብረው ካድሬ ዘንድ ሄደች፤ እኔንም አስከተለችኝ። ካድሬው ካኪ የለበሰ፣ ፂሙን ያሳደገ ሰው ነው። ነገሩን አስረዳችው። ድምፅዋ አልሰማ ብሎት ሁለት ጊዜ አስደገማት።

«የሠርቶ አደሩ ቀን በሹክሹክታ ይከበር ነው የምትይኝ?»

«አይደለም ጓድ። በአጥራችን ርዝመት ብቻ ከበሮው ይቁም ነው የምልህ። ሁለት ሰው አለኝ።»

«የማን ወገን ናቸው?»

«አንዱ ገበሬ ነው፤ አንዱ ከብት ይነግዳል። ከበሮ የሚገድላቸው ሰዎች ናቸው።»

ሰውየው ከእግር እስከ ራሷ አያት። ያስረናል ብዬ ነበር። «ሂዱ» አለን ብቻ።

በበዓሉ ጠዋት በመስኮቱ ላይ ፍራሽ ጨመርን፤ የሁለቱን ጆሮ በጥጥ ደፈንን። ማርሹ ከሩቅ ሲመጣ ይሰማ ነበር። አጥራችን ዘንድ ሲደርስ ቆመ። የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ሆነ። እንጉዳይ የሞላን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ኮቴው ሁሉ አልፎ ከበሮው ከወዲያ ማዶ እንደገና ሲጀምር ሲስተር ውባለም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሞላ አልተገተረም። ያን ቀን ሁላችንም ይተርፋል ብለን አመንን። እንጉዳይም ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ በላች።

በማግሥቱ ትኩሳት ያዘው። ሳንባው ነው። አክታው ከመሳቢያው አቅም በላይ ሆነ፤ የልብ ምቱ አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ይጠፋል። ዶክተሩ ደጋግሞ ገባ፣ ወጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ምንም ግትርታ፣ ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቆመ። ፊቱ ተፈታ። ያ ሳቅ የሚመስለው ነገር ጠፍቶ የገዛ ፊቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ኮስታራ ሰው ነበር።

ሲስተር ውባለም ማዳመጫውን ከደረቱ አንሥታ «ዐርፏል» አለች፣ በሹክሹክታ።

እንጉዳይ ተነሣች። ነጠላው ከአፏ ወደቀ። አፏን ከፈተች፣ ደረቷ ተነፋ፤ ጩኸቱ ሊወጣ ነው። በዚህ ቅጽበት በወዲያኛው አልጋ ያሉት አያ ይመር ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። ገና አልዳኑም። እሷም አየቻቸው። በዚያ ክፍል የሆነውን ሁሉ ስታይ ሰንብታለች፤ አንዲት ጩኸት ምን እንደምታደርግ ከማንም በላይ ታውቃለች። ነጠላዋን ከወደቀበት አንሥታ ጨብጣ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። የያዘችው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እንዴት እንደተመለሰ አየሁ፤ ትከሻዋ ሲወርድ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲነሣ።

«ውጭ ወጥተሽ አልቅሺ፤ አሁን ይቻላል» አልኳት በጆሮዋ።

ግቢው ውስጥ ቆማ የሌሎቹን ክፍሎች መስኮት ተመለከተች። «እዚያስ በሽተኛ የለም?» አለችኝ።

«አለ። እንደዚህኛው ግን አይደለም።»

እዚያም አላለቅስም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

አያ ደሴ መኪና ፈልገው አመጡ። ሾፌሩ ሬሳ መሆኑን ሲያይ «የይለፍ ወረቀት ሳይኖር ኬላ ላይ ሬሳ አያሳልፉኝም» አለ። ለረጅም ጊዜ ተለመነ። በመጨረሻ ሞላን በጋቢ ጠቅልለው፣ በሽተኛ እንደሚወሰድ አስመስለው እንዲያስቀምጡት ፈቀደ። «አንድ ሰው ካለቀሰ ግን አወርዳችኋለሁ» አለ። እንጉዳይ የባሏን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ፊቷ ደረቅ ነበር።

አያ ይመር አፋቸው ሲፈታ መጀመሪያ የተናገሩት ስለዚያች ሴት ነው። «ሁሉን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ሲጣሉም፣ ሲሞትም። አልቅሺ፣ ስለ እኔ አትጨነቂ ልላት ብፈልግ ምላሴ የለም። ዓይኔን ብጨፍንላትም አልገባትም። እኔ እንድተርፍ ነው ባሏን ሳታለቅስለት የሄደችው።» ድነው ሲወጡ ሌላ በሽተኛ እንደሚለው ደስ ብሎኛል አላሉም። አቀርቅረው በበሩ ወጡ።

እንጉዳይን እንደገና ያየኋት እህል ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነው። አያ ደሴ ይዘዋት ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ይጠብቃሉ። በጣም ከስታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

በትንፋሽ ብቻ መለሰችልኝ። «ድምፅ የለኝም።»

የሆነውን አያ ደሴ ነገሩኝ። ሬሳው መንደር ሲገባ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለ። አልቃሾች ሙሾ አወረዱ። ሚስቲቱ ግን ቆማ ታያለች። ደረቷን አልመታችም፣ ፊቷን አልቧጠጠችም፤ አፏን ስትከፍት የሚወጣ ነገር የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ልጆቿን ከማዶ መጥራት አቅቷታል።

«አገሩ ክፉ አወራባት» አሉ። «ባሏን አትወደውም ነበር አሉ። ሌላ ሰው ስላላት ነው አሉ። እኔ የሆስፒታሉን ነገር ብናገር ማን ይሰማኛል? ሊቀ መንበርነቱን ትቻለሁ፤ እሱንም ያስተወህ ኃጢአትህ ነው ይሉኛል። እናታችንም ከዚያ ወዲህ የእንጉዳይን ደጅ አልረገጠችም።»

ዶክተሩ ጉሮሮዋን በመስታወት አየ። «ጤነኛ ነው» አለኝ። «ድምፅ የሚከለክል ነገር አላገኘሁበትም። ሐዘን ነው። ለሐዘን የማዝዘው መድኃኒት የለኝም።»

ከሆስፒታሉ ጀርባ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ወሰድኳት። ፀሐይ ነበር። እዚያ ሬሳ የሚጠብቁ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እንጉዳይ፣ እዚህ አንድም በሽተኛ የለም። ማንም አይገተርም። አልቅሺ፤ እንደ ፈለግሽ ጩኺ።»

አፏን ከፈተች። ደረቷ ተነፋ። የወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ደግማ ሞከረች። ከዚያ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«እዚህ ሲደርስ ሞላ ይገተርብኛል» አለች በትንፋሽ። «አየዋለሁ። ሲገተር አየዋለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ።»

«ሞላ እኮ አሁን የሚያመው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። አንገቴ ግን አያውቅም።»

አያ ደሴ ራቅ ብለው አንድ ግንድ ሥር ተቀምጠው ነበር። የተናገረችውን ሰሙ መሰለኝ፤ ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ዝም ላሰኛቸው ስነሣ እንጉዳይ እጄን ያዘች።

«ተዪአቸው ያልቅሱ» አለች። «እሳቸው እንኳ ይቻላቸው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ምንም ለውጥ አልነበራትም። ከዚያ በደባርቅ በኩል የመንግሥትና የአማፅያኑ ውጊያ በረታ፤ መኪና መመላለስ አቆመ፤ ከዚያ አገር ሰው መምጣቱ ቀረ። መንገዱ ሲከፈት የኮሶዬ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዷ ነጋዴ ብቻ አውቃታለሁ አለችኝ። «ያቺ ድምፅ የሌላት? በሕይወት አለች። ልጆቿ ናቸው አሁን የሚናገሩላት።» ከዚህ ሌላ የሰማሁት የለም።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ ክፍሎች ሠርቻለሁ፤ ማዋለጃም ገብቻለሁ። ጨለማ ክፍል ለሚመደቡ ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። አስታማሚን ዝም በል ማለት የሥራው ግዴታ ነው፤ በሉ። በሽተኛው ከሞተ ግን ቤተሰቡን በር ላይ አትተዉት። ሰው የሌለበት ቦታ ድረስ አብራችሁ ሂዱ፤ ጮኸው እስኪያለቅሱም ከአጠገባቸው ቁሙ።